የማዶው ሶል

እናቴ አዲስ ጫማ ስታፈርስ ያየኋት አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ጫማው ጥቁር የወንድ ጫማ ነው፤ ገና እግር አልገባበትም። ጭኗ ላይ ገልብጣ ቢላዋዋን በሶሉና በቆዳው መሀል ሰደደች፤ ወዘወዘችው፤ ከዚያ ቢላዋውን ጥላ በሁለት እጇ ሳበች። ሶሉ እየተንጣጣ ተላቀቀ። ጥርሴን የተነቀልኩበት ሰሞን ስለነበር ድምፁ አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ።

“እማ፣ ለምን ትገድይዋለሽ?” አልኳት።

“ሆድ ዕቃውን ልይ ብዬ ነው” አለችና ሌላውን አነሳች።

እኔ ግን አላመንኳትም። እናቴ ከአባቴ ጋር ተጣልታለች፣ ንዴቷን በጫማው እየተወጣች ነው ብዬ ደመደምኩ። ጫማውን ከድልድዩ ማዶ ያመጣው አባቴ ነው፤ ያን ሰሞን ደግሞ ከማዶ የመጣ ነገር ሁሉ በቤታችን የጠብ ምክንያት ነበር።

የኛ ቤት ጫማ ቤት ነው ሲባል ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ። አያቴ ያቋቋሙት፣ ሲሞቱ ለእናቴና ለታላቅ ወንድሟ የተዉት ያ ረጅም ክፍል የሚሠራው የጫማን ላይ፣ ከሶሉ በላይ ያለውን ቆዳ ብቻ ነበር። አጎቴ ቆዳ ይቆርጣል። እናቴ ከሰፊዎቿ ጋር ትሰፋዋለች። አባቴ የተሰፋውን ጭነት መኪናው ላይ ጭኖ ድልድዩን ይሻገራል። ማዶ ያለው ፋብሪካ ፎርማ በሚባለው የእግር ቅርጽ ላይ ወጥሮ ሶል ያደርግበትና ያለቀው ጫማ ተመልሶ መጥቶ በኛ ስም ይሸጣል። እኛ ላዩን፣ እነሱ ታቹን። ሁለቱ አገሮች በአያቴ ዘመን ኅብረት ሲፈጥሩ ሥራውን እንዲህ ተከፋፈሉት። ድልድዩ ላይ ቀራጭም ጠያቂም ስላልነበረ ለሁሉም ተመቸው። በከተማችን ሶል ማድረግ የሚያውቁት የመጨረሻው ሽማግሌ ሲሞቱ ቀብራቸው ላይ ስለ ደግነታቸው እንጂ ስለ ሙያቸው ያነሳ አልነበረም።

በኋላ ከኅብረቱ እንውጣ የሚል ነገር መጣ፤ ሕዝበ ውሳኔም ይደረጋል ተባለ። ከተማው ሥራውን ትቶ ክርክር ያዘ። ፀጉር ቆራጩ የደንበኛውን ግማሽ ጢም ላጭቶ ስለ ቀረጥ ሲያስረዳ ሌላውን ግማሽ ረሳው ተብሎ ተሳቀበት። እኔ ኅብረቱ ማለት ድልድዩ ይመስለኝ ነበር። ነቅለው ሊወስዱት ነው ብዬ ስለፈራሁ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ መኖሩን ሳላይ ቤት አልገባም።

ከተማው ውስጥ የነበረው ክርክር ሁሉ ተጨምቆ በቆዳ መቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ ይገኝ ነበር። አባቴ እንቆይ ባይ ነው፣ አጎቴ እንውጣ ባይ።

“ጋሼ፣ ይስሙኝ እንጂ” ይላል አባቴ። የሚስቱ ታላቅ ወንድም ስለሆነ አንቱ ነው የሚለው፤ የፈለገ ቢናደድ አንቱታው አይቀርም። “በየሶሉ ላይ ቀረጥ ሲጨመር ማን ይገዛናል? መኪናዬ ድልድዩ ላይ ሲፈተሽ ሲውል፣ ሲያድርስ? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ዝም ብሎ አይደለም።”

“አማቼ፣ አንበሳው እነሱ ናቸው፤ የታሰርነው እኛ ነን” ይላል አጎቴ መቀሱን ሳያስቀምጥ። “የሰው ወርቅ አያደምቅም። የራሳችንን ሶል ብንሠራ ሰው እንቀጥራለን እንጂ አንቀንስም።”

“ማን ሊሠራው? ላም አለኝ በሰማይ ሆነ እኮ።”

አጎቴን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበው ግን ቀረጡ አልነበረም። አንድ ጊዜ ሶሉ የተላቀቀ ጫማ ደንበኛ መልሶ ነበር። ውስጡ ሲታይ የቆዳው ጠርዝ ዙሪያውን ተፋፍቋል። በኛ ቤት ቆዳ መጫር ነውር ነው። ሰፊዎቹ ቀለበታቸውን አውልቀው ነው የሚገቡት፤ ጥፍር ያሳደገች ሴት በር ላይ ቆርጣ ትገባለች። እኔም በቆዳው አጠገብ ሳልፍ እጄን ወደ ኋላ እንዳጣምር ተምሬያለሁ። አጎቴ ያንን ፍቅፋቂ ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

“እኛ እንደ ዓይናችን ብሌን የምንጠብቀውን እዩት ምን እንዳደረጉት” አለ። “ከሥር ስለሆነ አይታይም ብለው ነው። ይሄ ንቀት እንጂ ሥራ አይደለም።”

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጫማውን በየሄደበት ይዞት ይዞራል። ቀረጥ ያልገባው ሰው ፍቅፋቂው ይገባዋል። አባቴ “እነግራቸዋለሁ” ብቻ ይል ነበር። ነግሯቸዋልም። የፋብሪካው ሰዎች ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ይህን ያጫወተኝ ካረጀ በኋላ ነው፤ ያኔ የሳቁበት መስሎት አፍሮ ለማንም አልተናገረም።

እናቴ ለአንዱም አትወግንም። ሁለቱም ፊታቸውን ወደ እሷ ሲያዞሩ የስፌት መኪናዋን ፔዳል እየረገጠች፣ “የኔ ድምፅ ምርጫ ጣቢያ ነው ያለው” ትላቸዋለች። እኔም ዝምታዋን ኩርፊያ አደረግሁት።

ስለዚህ በየእሁዱ አጠገቧ መቀመጥ ጀመርኩ። ሐሳቤ ጫማዎቹን ማዳን ነበር፤ ሰው እያያት አታፈርስም ብዬ። አጅሪት እያየኋትም ታፈርሳለች። ያፈረሰችውን በጣቷ ትዳብሳለች፣ ታሸታለች፣ የደረቀውን ማስቲሽ በጥፍሯ እየላጠች ታጥፋለች። እኔ ከሥር ከሥር እየሄድኩ እያንዳንዱን ሶል ከተላቀቀበት ጫማ አጠገብ አስቀምጣለሁ፤ እንዳይጠፋፉ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ማስቲሽ በቆርቆሮና የጎማ ሶል በጆንያ ገዝታ መጣች። በር ዘግተን ስንሠራ ሽታው ራሴን ያዞረኛል። ጣቶቿ እርስ በርስ እየተጣበቁባት በጥርሷ ስታላቅቅ አይቻለሁ። በልቤ፣ ጸጸታት፣ አባዬ ሳያይ ያፈረሰችውን ልትጠግን ነው አልኩ። አዘንኩላት። አባቴ “እሁድ እሁድ እናንተ ምን ትሠራላችሁ?” ሲለኝ፣ “እማ ታስጠናኛለች” አልኩት፤ በጀግንነቴ ኮራሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ የጫማ ቤቱን ቁልፍ ስታስረክበኝ ነው እውነቱን የነገረችኝ። ድምፅ የምትሰጠው ለመቆየት ነበር። ግን ከተማው ወዴት እንደሚያጋድል ከገበያው ወሬ ታውቃለች፤ ቢያሸንፉም ቢሸነፉም፣ ሶል ሳላውቅ አልሞትም ብላለች። ለአባቴ ያልነገረችው መሸነፌን ከወዲሁ ቆረጥሽ ብሎ እንዳያዝን ነው። ለአጎቴ ያልነገረችው ደግሞ አጎቴን ስለምታውቀው ነው።

አንድ እሁድ አጎቴ የረሳውን መነጽር ሊወስድ መጣና በሩን ገፋው። ፎርማ ላይ የተወጠረ፣ ሶሉ የተለጠፈ ቡናማ ጫማ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ዞረው፣ ጎንበስ ብሎ አየው፤ መነጽሩን ረሳው።

“ማን ነው የሠራው?”

“ገና ነው ጋሼ፤ አልተሞከረም” አለች እናቴ።

“አንቺ ነሽ የሠራሽው?”

“አልተሞከረም እያልኩህ። እንዳትነካው።”

“እሺ፣ ማን ነካው” አለና እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ወጣ። በማግስቱ የከተማው ስብሰባ ነበር። ስንዘጋጅ ጫማው ጠረጴዛው ላይ የለም።

አዳራሹ እንደዚያ ሞልቶ አይቼ አላውቅም፤ ሰው መስኮት ላይ ተቀምጧል። ከመድረኩ አንድ ጎን አባቴ ከእንቆዮች ጋር፣ በሌላው ጎን አጎቴ ከእንውጣዎቹ ጋር። አባቴ ቀድሞ ተናገረ። እኔን ልብስ ልበሺ ሲለኝ በሚያወጣው በዚያ ለስላሳ ድምፅ፣ በድልድዩ ላይ በየሳምንቱ ምን እንደሚያልፍ፣ ቢቆም ማን ማን ሥራ እንደሚፈታ አስረዳ። ሰዉ በጸጥታ ሰማው። አንዲት ሰፊያችን አለቀሰች።

አጎቴ ተነሳ። አስቀድሞ የታወቀውን የተፋቀ ጫማ ከፍ አድርጎ አሳየ፤ አዳራሹ አጉረመረመ። ቀጥሎ ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ እግሩን አነሳ፤ ያን ቡናማ ጫማ ተጫምቷል።

“ይሄን ደግሞ እዩልኝ። ላዩም ታቹም የዚህ ከተማ ነው። የሠራችው እህቴ ናት። የሚስቱን እጅ የማያውቅ ሰው ነው እንግዲህ ማን ሊሠራው እያለ የሚያስፈራራችሁ።”

ጭብጨባው ጆሮ ይበሳል። አባቴ በሕዝቡ መሀል እናቴን በዓይኑ ሲፈልግ አየሁት። አለቀልን፣ ታወቀባት አልኩና ቀሚሷ ውስጥ ተሸጎጥኩ። አጎቴ መድረኩን ከዳር እስከ ዳር እየረገጠ ሄደ። ሲመለስ የቀኝ ጫማው ሶል ከፊት ተከፈተ፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ምላሱን ያወጣ ጀመር። መጀመሪያ የፊተኛው ወንበር ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም። “ታቹ ማዶ ሊሄድ ነው” አለ ከኋላ አንዱ። ከሁሉ የበለጠ የሳቁት ራሳቸው ያጨበጨቡት ናቸው።

አባቴ ብድግ አለ። አሁን ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ፤ ክርክሩን እኮ አሸንፏል።

“አንተ” አለው አጎቴን። “ማን ፈቀደልህና ወሰድከው?”

አንተ አለው፤ ያውም በሕዝብ ፊት። ከዚህ በኋላ ቤተሰባችን እንደሚበተን አልተጠራጠርኩም። አባቴ የተቆጣው ስለ ኅብረቱ መስሎኝ ነበር። የተቆጣው ግን እናቴ ስለተሳቀባት ነው። በዚያ ምሽት ስለ ኅብረቱ ዳግመኛ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ወገኖቹም ለዚህ ለረጅም ጊዜ አኩርፈውታል።

እናቴ ቀሚሷን ከእጄ አስለቅቃ ወደ መድረኩ ወጣች። ተከተልኳት። ታለቅሳለች ወይም ትጮህበታለች ብዬ ነበር። “አውልቀው ጋሼ” ብቻ አለችው። አጎቴ ወንበር ላይ ተቀምጦ አወለቀ፤ ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። ሶሉን ገልጣ አየችው። ማስቲሹ በሙሉ ጎማው ላይ ቀርቷል። የቆዳው ጎን እንዳለ ነው፤ ንጹሕ፣ ልስልስ ያለ፣ አንድ ጭረት የሌለው። ከዚያ ያንን የተፋቀውን የማዶ ጫማ ከጠረጴዛው አነሳችና ከጎኑ አስቀመጠችው። አውራ ጣቷን በፍቅፋቂው ላይ ወዲያና ወዲህ አስኬደች።

“እሜቴ፣ እርስዎ ከየትኛው ወገን ነዎት?” ብሎ ጮኸ አንድ ሰው። አልሰማችውም።

“ጋሼ” አለች ቀስ ብላ፤ “ንቀት አይደለም።”

“ምኑ?”

“ካልተፋቀ አይይዝም። ማስቲሹ የሚገባበት የለውም። እኛ እኮ እንዳይጫር ስንሳሳለት ነው።”

አጎቴ አፉን ከፍቶ አያት። ከአዳራሹ ይህን የሰማ አልነበረም። ሰብሳቢው ደወሉን መትቶ ቀጣዩን ተናጋሪ ጠራ፤ ስብሰባው ስለ ቀረጥ ቀጠለ።

ሕዝበ ውሳኔው ሲቆጠር እንውጣ ባዮች በጠባብ ልዩነት አሸነፉ። አጎቴ ግን እንደሌሎቹ አደባባይ ወጥቶ አልጨፈረም። አባቴ የኅብረቱ ጊዜ ሳያልቅ የመጨረሻውን ጭነት ይዞ ሄደና ድልድዩ ላይ ሰልፍ ጠብቆት፣ ጊዜው አልፎበት እንደጫነ ተመለሰ። ያ ሁሉ የተሰፋ ቆዳ፣ ታች የሌለው፣ ክፍሉ ውስጥ ተቆለለ። አጎቴ ከክምሩ አጠገብ ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል። አባቴ ተጠግቶ፣ “ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ” አለው። አንቱታው ተመለሰ፤ የተመለሰበትን ምክንያት ግን አላስረዱኝም።

እናቴ ሰፊዎቹን ሰብስባ ለእያንዳንዳቸው ሞረድ ሰጠች።

“ከጠርዙ ፋቁት” አለች።

የነካ የለም። አንዷ ሞረዱን እንደ እሳት ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠችው። እናቴ አንድ ጫማ አንስታ ራሷ ጀመረች፤ ያ በስንት ጥንቃቄ የተጠበቀ ቆዳ እየተቦጫጨቀ ብናኙ ቀሚሷ ላይ ወረደ። አበደች አልኩ። በሽንፈቱ ምክንያት ቤቱን በገዛ እጇ ልታጠፋው ነው አልኩ፤ እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አጎቴ ማየት አቃተውና ወጣ።

አባቴ ጃኬቱን አውልቆ ሞረድ አነሳ። በሕይወቱ መሪ እንጂ መሣሪያ ይዞ አያውቅም። እየፈራ ፋቀ፤ ከዚያ እየደፈረ። አንገቱን በበሩ ያስገባው አጎቴ እስኪያቅተው ድረስ ተመለከተው።

“አማቼ፣ መስመሩን አልፈህ እኮ ነው። ሶሉ የማይሸፍነውን ሁሉ ፋቅከው። ስጠኝ።”

ነጠቀው። ነጭ እርሳስ ከጆሮው አውርዶ ሶሉ የሚያርፍበትን ዙሪያ አሰመረ፤ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ከመስመሩ ሥር ሞረዱን አሳረፈ። ሰፊዎቹ አንድ በአንድ አነሱ።

ዛሬ ያ ክፍል በኔ እጅ ነው። ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝም ያንኑ ነው፦ መውጣታችን ጠቀመን ወይስ ጎዳን? አባቴ እስኪሞት ጎዳን እንዳለ ነው። ከሰፊዎቹ ግማሾቹ ለሥራ ማዶ ሄደው ቀሩ፤ የሴት ጫማ አቆምን፤ እናቴ የጓሮውን ቦታ ሸጠች። ይህን ማንም ሊክደው አይችልም። አጎቴ ጠቀመን ይላል። ሶል የሚሠሩ ወጣቶች ተቀጥረዋል፤ ድልድዩ ቢከፈት ቢዘጋ የማይበረግግ ቤት አለን። ይህንንም ማንም ሊክደው አይችልም። ሬዲዮ ላይ ጠርተውኝ አንዱን ምረጪ ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። ኑና ሞረድ ያዙ፣ ከዚያ እንነጋገራለን እላቸዋለሁ። ባለጌ ናት ይሉኛል አሉ።

ያን ጊዜ ግን ጥያቄው ይህ አልነበረም። ሶሉ ይይዛል ወይስ አይይዝም? የቤታችን ነገር እዚህ ላይ ነበር የቆመው። ደንበኞቻችን ጫማ ሳናቀርብላቸው የሚታገሡን የዝናቡ ወቅት እስኪያልፍ ነው፤ የሰፊዎቹም ትዕግሥት ከዚያ አይበልጥም። አንዴ የሚላቀቅ ጫማ ከሸጥን፣ ከአዳራሹ በኋላ ዳግመኛ የሚያምነን አይኖርም።

በአዲሱ አሠራር የተሠራው የመጀመሪያው ጥንድ በኔ ልክ ነበር። እናቴ ጠዋት አጥብቃ አሰረችልኝና፣ “ዛሬ ትምህርት ቤት አብሬሽ እሄዳለሁ” አለችኝ። አብራኝ ስትሄድ የመጀመሪያዋ ነው። ደስታዬ ወሰን አጣ። መንገዱ ሌሊቱን ዘንቦበት ጨቅይቷል። እንደ ልማዴ ውሃውን ልዞር ስል ከኋላዬ ድምፅ መጣ።

“አትዙሪ። ግቢበት።”

ገባሁበት።

“ዝለዪ። በርቺ። ያንን ድንጋይ ምቺው።”

ድንጋይ መምታት በቤታችን የሚያስቆነጥጥ ወንጀል ነው። እናቴ ስለወደደችኝ፣ ስለ ድህነታችንም ልታጽናናኝ ብላ የፈቀደችልኝ መሰለኝና መታሁት። ዞር ብዬ ስስቅላት አላየችኝም። ዓይኗ እግሬ ላይ ነበር። በፀጉር ቆራጩ ደጃፍ ስናልፍ የተለመዱት ሰዎች “አላልኩህም?” “አንተ ነህ እንዲህ ያደረግከን” እየተባባሉ ነው። አንደኛው፣ “እሜቴ፣ ጫማ ቤቱ ሊዘጋ ነው የሚባለው እውነት ነው?” አላት። ቀና አላለችም።

“ደግመሽ ምቺው” አለችኝ። “በግራሽም።”

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጭቃው ውስጥ ተንበረከከች። ግራ እግሬን አንስታ ሶሉን አጠፈችው። ከአውራ ጣቴ ፊት ተከፍቷል፤ ጥፍሯ ገባበት። የመታሁት እኔ ነኝና ለቅሶ ጀመርኩ።

“ዝም በይ፤ ቀኝሽን አምጪ” አለች።

ቀኙን ያዘች። አጠፈችው። ጥፍሯን በዙሪያው ሁሉ ሞከረች። ከዚያ በሁለት እጇ ይዛ፣ ያን ጊዜ እሁድ ከሰዓት እንደሳበችው ሳይሆን እግሬ ውስጡ እያለ ሳበችው፤ እንዳልወድቅ በፀጉሯ ተንጠለጠልኩ። እንደገና ሳበች። ትንፋሿ ቆረጥ ቆረጥ አለ።

“ቀኙ ይዟል” አለች።

እንዲህ ያለ ድምፅ ከእናቴ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ግራውን ከእግሬ አውልቃ ብብቷ ሥር ወተፈችውና ተነሳች። ቀሚሷ ከጉልበቷ በታች ጭቃ ብቻ ነበር።

“እኔስ በምን ልግባ?” አልኳት።

“በቀኙ ግቢ። ስትመለሺ እንዴት እንደሆነ ትነግሪኛለሽ፤ እንዳታዝኚለት።”

ይህን ብላ፣ ግራው ከቀኙ በምን እንደተለየ ልታይ ወደ ጫማ ቤቱ ሮጠች። እናቴ ስትሮጥ አይቼ አላውቅም፤ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አያት። እኔ በአንድ ጫማና በረጠበ ካልሲ ክፍል ገባሁ፤ ልጆቹ ሳቁብኝ፣ መምህሯም ጠየቀችኝ። በእረፍት ሰዓት ግቢው ውስጥ ያገኘሁትን ድንጋይ ሁሉ በቀኝ እግሬ መታሁ።